ንቦቹ የፈረዱባት ሴት

ከረሜላ ፋብሪካው ውስጥ ሙዝ ገብቶ አያውቅም። ጥበቃው አልፎ አልፎ ለምሳው ከሚይዛት አንዲት ፍሬ በቀር፣ በሃያ አራት ዓመት ውስጥ በዚያ በር ሙዝ ሲያልፍ ያየ የለም። ሽታው ግን ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ሰውን ይቀበለዋል፤ ሠራተኞቹ ሲለቀቁም ከኋላቸው ተከትሎ ይወጣል። ከሁሉም አብልጦ የሚከተለው ማደባለቂያ ክፍል የምትሠራውን አንዲት ሴት ነው። ሰፈሩ በሙሉ «ሙዜ» ይላታል። ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ዞር ዞር እያለ ዘንቢል ይፈልጋል። እሷም ባዶ እጇን አሳይታ ትስቃለች። ድሮ ትስቅ ነበር ማለት ይሻላል።

በክፍሉ ጥግ ሰማያዊ በርሜል አለ። ውስጡ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት ግን ክፍሉን በአንድ ጊዜ ይሞላዋል። ሙዜ ከዚያ በመስታወት መለኪያ እየቀዳች፣ የፈላው ስኳር ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ጠብ ጠብ ታደርግበታለች። ቶሎ ከጨመረችው ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ብን ብሎ ይጠፋል፤ ከዘገየች ደግሞ ስኳሩ ይደርቅና አልቀላቀልም ይላል። ይህንን ያስተማራት ሰው የለም፤ በአፍንጫዋ ነው ያወቀችው። ሲበዛ እንደ ጥፍር ቀለም ይሰነፍጣል፤ ሲያንስ ከረሜላው ስኳር ብቻ ይሆናል። አለቆቹ ከመለኪያው ይልቅ እሷን ያምናሉ። ለአፍንጫዋ ግን አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥሽ ያላት የለም።

በዚህ ክፍል የሚሠሩ ሴቶች አንድ ደንብ ነበራቸው። የመለኪያው አንገት ላይ የምትቀረውን ጠብታ አያጥቧትም። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ተራ የደረሳት ሴት በሻሿ ጫፍ ትጠርጋትና ትንሿን ከጆሮዋ ሥር ነካ አድርጋ ትወጣለች። ስሟንም «የመውጫ» ብለዋታል። ሠርግ ወይም እንግዳ ያለባት ካለች ጓደኛዋን ለምና ተራ ትቀያየራለች። ሽቶ መግዛት የማትችል ሴት ቀኑን ሙሉ በእሳትና በስኳር መካከል ስትገላበጥ ውላ፣ እንደ ሰው ሸታ ወደ ቤቷ ብትገባ ምን ነውር አለው? ምንም። ሙዜም ነውር መስሎ ታይቷት አያውቅም።

የዛሬ ሃያ ዓመት ስታገባ የገባችው አማቷ ቤት ነው። አማቷ ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ በጓሮው ዛፎች ሥር ስድስት ቀፎ ንብ ያረባሉ። አንድ ልጃቸውን ያሳደጉት በማሩ ነው። ብርቱ ሴት ናቸው፤ ለሰው ብዙም አያወሩም፣ ለንቦቹ ግን ያወራሉ። አንድ የማይናወጥ እምነት አላቸው። ንብ ሆዱ ንጹሕ ያልሆነን ሰው ለይታ ታውቃለች ይላሉ።

ሙሽራዋ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ሆዷ ንጹሕ መሆኑን ታውቀዋለቻ። በመጀመሪያው የማር ቆረጣ ቀን አማቴን ላግዝ ብላ ተነሣች። ለዚያ ቀን ስትል ከጓደኛዋ ተራ ተቀይራ የመውጫዋን ይዛ መጥታ ነበር። ታጠበች፤ አዲሱን ቀሚሷን ለበሰች፤ ከጆሮዋ ሥርና ከእጇ አንጓ ላይ ነካ ነካ አደረገችና ፈገግ እያለች ወደ ቀፎዎቹ ሄደች።

አሥራ አንድ ቦታ ነደፏት። ዓይኖቿ አብጠው ተከደኑ፤ ሦስት ቀን ግድግዳ እየዳበሰች ሄደች። አጠገቧ የቆሙትን አማቷን አንዲት ንብ አልነካቻቸውም። በዓመቱ፣ ያለፈው አጋጣሚ ይሆናል ብላ፣ የበለጠ ተጣጥባና የበለጠ ተቀብታ ሄደች። የበለጠ ነደፏት። ያን ጊዜ አማቷ እሷ እየሰማች ለልጃቸው፣ «ንቦቼ በሰው አይሳሳቱም። ይህችን ስታመጣ አልመረመርክም» አሉት።

ባሏ ምን አለ? ምንም። ሹፌር ነው፤ ደግ ሰው ነው፤ በእናቱና በሚስቱ መካከል ሲሆን ግን ሞተሩ አይነሣለትም።

ከዚያ ወዲህ በጓሮው መካከል የተዘረጋው የልብስ ማስጫ ሽቦ ድንበር ሆነ። ከሽቦው ወዲያ የአማቷና የንቦቹ፣ ከሽቦው ወዲህ የእሷ። ልብስ ስታሰጣ እንኳ ከወዲህ ቆማ ወርውራ ትተወዋለች እንጂ ዞራ አታስተካክለውም። የማሩ ክፍል ቁልፍ በአማቷ ወገብ ላይ ታስሮ ይውላል። ነገሩ በጓሮው ቢቀር ምን ነበረበት? ወሬ አጥር አይዘልም ያለ ማን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማው። አንድ ጊዜ በዘመድ ሠርግ ላይ የአንዲት ሴት የጆሮ ጌጥ ጠፋና የሰው ዓይን ሁሉ እየዞረ ሙዜ ላይ አረፈ። ማንም በአፉ አልተናገረም። ጌጡ በሁለተኛው ቀን ከራሷ ከጌጡ ባለቤት ጫማ ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ያለ ግን አልተገኘም። ሙዜ እቤቷ ገብታ ድስት ስታጥብ ድስቱን ልትበሳው ደረሰች።

ከሁሉም የከፋው ደግሞ እሷም ራሷ ማመን መጀመሯ ነው። ሲከፋት ተቀምጣ፣ ሆዴ ውስጥ እኔ የማላውቀው ምን ክፉ ነገር ይኖር ይሆን እያለች ታስብ ነበር። ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ እንዲመራመር ማድረግ ግፍ አይደለም?

አንድ ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቱ በአያቷ እግር ሥር፣ ከሽቦው ወዲያ አደገች። ንቦቹ እጇ ላይ ሲሄዱ ትስቃለች፤ ጭስ ማጨሻውን ከአያቷ በተሻለ ትይዘዋለች። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት አንድ የንብ ማሠልጠኛ ሠልጣኞች እንደሚቀበል ሰምታ ተመዘገበች። ከዚህ ሰፈር የሚወሰደው አንድ ሰው ነው። ባለሙያው እቤቷ ድረስ መጥቶ ቀፎ ስትከፍት ያያል፤ ከወደዳት የዓመት ሥልጠናና አሥር ዘመናዊ ቀፎ ታገኛለች። ልጅቱ ለሳምንት ያህል እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሙዜም እንዲሁ፤ እሷ እንዳትሻገር የተከለከለችውን ሽቦ ልጇ ተሻግራ ሩቅ ልትሄድ ነው።

ባለሙያው የመጣው ሐሙስ ጠዋት ነው። ልጅቱ ፀጉሯን ከመረቡ ሥር የምታስርበት ጨርቅ ስትፈልግ፣ የእናቷን የክት ሻሽ ከሳጥኑ ውስጥ አገኘችው። ሙዜ ባለፈው ቅዳሜ የመውጫዋን ጠርጋበት፣ ሽታው እንዳይበር በላስቲክ ጠቅልላ ያስቀመጠችው ነበር። ልጅቱ ሻሹን አስራ፣ ከባለሙያው መኪና ቀድማ ወደ ቀፎዎቹ ሄደች። ክዳኑን ገና ብድግ ከማድረጓ ንቦቹ እንደ ጥቁር ጨርቅ ተነሡ። ልጅቱ ጮኸች። አባቷ የሥራ ጃኬቱን ራሷ ላይ ጥሎ እየጎተተ አወጣት፤ እሱንም ጆሮው ላይ ነደፉት። ከመኪናው ሊወርድ አንድ እግሩን ያወጣው ባለሙያ እግሩን መልሶ በሩን ዘጋ።

አማቷ ጭሱን አጭሰው ንቦቹን ካረጋጉ በኋላ መጡ። የልጅ ልጃቸውን እያዩ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ ይወዷታል፣ ይህ አይካድም። የተናገሩት ግን «ያው የእናቷ ደም ነው። ከእንግዲህ እሷም አትሻገር» የሚል ነው። ባለሙያው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ በስምንተኛው ቀን ተመልሶ እንደሚመጣ፣ ያን ጊዜም እንዲህ ከሆነ ቦታውን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯቸው ሄደ።

ሙዜ ደሟ ፈላ። በእሷ ላይ ሲሆን ሃያ ዓመት ዋጠችው፤ በልጇ ላይ ሲሆን ግን አልወርድ አላት። ግን ለማን ትናገር? ባሏን አስቀምጣ ጆሮው ላይ የቀረችውን የንብ መርፌ በጥፍሯ ጫር አድርጋ ልታወጣለት ጎንበስ አለች። ጎንበስ እንዳለች ቀረች።

ጆሮው ሙዝ ሙዝ ይሸታል።

መጀመሪያ የራሷ እጅ መሰላት። እጇን አሸተተች። በዚያ ሳምንት ፋብሪካው ሲሠራ የሰነበተው የሎሚ ከረሜላ ነው፤ እጇ ሎሚ ሎሚ ይላል። ባሏ ደግሞ የሚሸተው ናፍጣ ነው፤ ሻሹንም አልነካም። መርፌዋን ነቅላ ከጥፍሯ ጫፍ ላይ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋቻት። ሌላ ሰው ቢሆን እንጃ ይል ነበር። ይህ አፍንጫ ግን ሃያ አራት ዓመት ጠብታ ሲለካ የኖረ ነው። ሰማያዊው በርሜል ራሱ ነው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ባሏ፣ «ምነው ጆሮዬ ላይ ተኛሽ?» አላት። ቀስ ብላ ተነሥታ ሻሹን ከመሬት አነሣች፤ አሸተተችውና ተቀመጠች።

በማግሥቱ ሥራ ስትገባ በቀጥታ የሄደችው ወደ ላቦራቶሪው ነው። እዚያ ሠራተኛው ሁሉ «መነጽሩ» የሚለው ወጣት ኬሚስት አለ። ነገሩን ስትነግረው ሳቀባት፤ ወፍራም መጽሐፍ አውርዶ ሲያገላብጥ ግን ሳቁ እየደበዘዘ ሄደ። እውነት ነው አላት። ንብ ስትናደፍ ይህንኑ ነገር ከራሷ ትረጫለች፤ እኅቶቿ ሲሸታቸው ጠላት መጥቷል ብለው ይነሣሉ። የዚህ ዓይነቱ ነገር ወገኑ ኤስተር እንደሚባልም ነገራት። ሴት ናት እንዴ ስትለው እንደገና ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ለካ በሄደች ቁጥር በገዛ ቋንቋቸው ጦርነት እያወጀች ትገባባቸው ኖሯል፤ ያውም ታጥባ፣ ፈገግ እያለች።

መነጽሩ መጽሐፉን እየከደነ፣ «ለነገሩ ወደ ቤት መሄድም አልነበረበትም፣ እትዬ። ወረቀቱ ላይ አለኮ፤ ጓንትና ጋውን ተደርጎ፣ የሥራ ልብስ እዚሁ ወልቆ ነው የሚወጣው» አላት።

«የትኛው ወረቀት?»

ከእያንዳንዱ በርሜል ጋር የሚመጣው ወረቀት። ዕቃ ቤት ነው ያለው። ሙዜ ሄደች። የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ቁልፎቹን እንደ ቄጠማ ጎዝጉዞ የሚቀመጥ ሰው ነው። ወረቀቱ ያለበትን ማኅደር አላሳይሽም ብሎ ትንሽ አስቸገራት፤ ኋላ የእኔ እናት ምን ልታደርጊው ነው ብሎ ሰጣት፤ እንደማታነብ ነዋ የሚያውቀው። ፊደል የቆጠረችው በሠላሳ ስምንት ዓመቷ፣ ከምሳ በኋላ በሚሰጠው የጎልማሶች ትምህርት መሆኑን አልሰማም። ሙዜ ቆማ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ጮክ ብላ አነበበችለት። በጓንት ይያዝ። ከቆዳ ጋር አይነካካ። የተነከረ ልብስ ወዲያው ይውለቅ። ፊደሉ ትልልቅ ነው፤ በአማርኛ ነው፤ ቀኑ ደግሞ እሷ በተቀጠረች በሁለተኛው ዓመት የተጻፈ ነው።

ጓንት አለ እንዴ ብላ ጠየቀችው። አለ። መደርደሪያው ላይ ሁለት ካርቶን ሙሉ፣ ከነላስቲኩ። ያ ጓንት የሚወርደው ጎብኚ ሲመጣ ነው። ሙዜ በሃያ አራት ዓመት ሁለት ጊዜ አጥልቃዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ፎቶ ሊነሡ። ፎቶው ሲያልቅ ቆጥሮ ተቀበላቸው።

«ያልቃላ» አላት ሰውየው፣ አሁን እንኳ እንዳይሰጣት ሲከላከል። «እንደ ጉድ የምትጠቀሙበት ከሆነማ ያልቃል።»

ሙዜ አልተጣላችውም። ወደ ክፍሏ ተመልሳ የሰማያዊውን በርሜል ክዳን ገጠመች፤ ላዩ ላይ ወጥታ ተቀመጠችና እጇን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገች። የዚያን ቀን ተረኛው የሙዝ ከረሜላ ነበር። ስኳሩ ከእሳት ወርዶ መብረድ ጀምሯል። ጓደኞቿ ምን ሆንሽ ሲሏት ነገረቻቸው፤ የወረቀቱንም፣ የጓንቱንም፣ የንቦቹንም። አንደኛዋ መለኪያውን አስቀምጣ አጠገቧ ቆመች፤ ሌላዋም እንዲሁ። አለቃው ሮጦ መጣ። ስኳሩ ሊደርቅ ነው፣ ሙሉ ድስት ከረሜላ ሊበላሽ ነው አለ። ሙዜ ጓንት ከመጣ ወዲያው እንደምትነሣ ነገረችው። አስፈራራት። እሷ ድስቱን እያየች፣ ጫፉ መንጣት መጀመሩን አሳየችው፤ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቀዋለች ስንት ደቂቃ እንደቀረው። አለቃው ድስቱን አየ፤ እሷን አየ፤ ከዚያ ወደ ዕቃ ቤቱ ሲሮጥ የጫማው ድምፅ እስከ ግቢው ተሰማ። ካርቶኑ ሲቀደድ ላስቲኩ ገና እንደ አዲስ ይንጫጫ ነበር። ከረሜላው ለጥቂት ተረፈ።

በዚያ ሳምንት ሙዜ የሥራ ልብሷን እዚያው እያወለቀች ወጣች። የመውጫውን መለኪያ ሴቶቹ በውሃ አጠቡት። እቤቷ ያለውን ሻሽና ቀሚስ ሁሉ ቀቅላ አጠበች፤ ፀጉሯን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ሳጥኑን አውጥታ ፀሐይ ላይ ሰጣችው። አማቷ በመስኮት ያዩ ነበር፤ ምን እያደረገች እንደሆነ አልጠየቁም። መቼ ጠይቀው ያውቃሉና።

በስምንተኛው ቀን ባለሙያው መጣ። አማቷ ልጅቱ አትሻገርም ብለው ሽቦው ሥር ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሙዜ ልጇን በእጇ ይዛ በአማቷ ጎን አለፈች፤ ሽቦውን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ከልጇ ጋር ተሻገረች። ባሏ «አንቺ!» ብሎ ቀረ። ልጅቱ ጭሱን አጨሰች፤ ቀፎውን ከፈተች፤ የማር እንጀራውን አውጥታ ለባለሙያው ወደ ብርሃን ያዘችለት። ሙዜ መረብ ሳታደርግ፣ እጇን ገልጣ፣ ከቀፎው ሁለት እርምጃ ቆማለች። አንዲት ንብ መጥታ ክንዷ ላይ አረፈች፤ ወዲያ ወዲህ ብላ የሚፈለግ ነገር አጣችና ሄደች። ንብ ሳትነድፋት ስትሄድባት የመጀመሪያዋ ነው።

ባለሙያው ወረቀቱ ላይ ጻፈ፤ ልጅቱንም ጨበጣት። ነገሩ በዚህ ያልቅ ነበር። አማቷ ግን ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ «ዛሬ ለልጅቱ ብለው ታግሠዋት ነው» አሉ።

ሙዜ ይህን አላሳለፈችውም። ልጇንና ባለሙያውን ወደ ፊት ለፊቱ በረንዳ ሰደደቻቸው፤ አማቷን ግን እንዲያዩ ይዛቸው ወደ ቤት ገባች። ከኪሷ ከመነጽሩ ለምና ያመጣቻትን ጠርሙስ አውጥታ፣ በጓንት ይዛ፣ አንዲት ጠብታ ጥጥ ላይ አደረገች። ጥጡን ረጅሙ የልብስ መደገፊያ እንጨት ጫፍ ላይ አስራ፣ ጓንቱን አወለቀች፤ እንጨቱን በመስኮት በኩል ከሩቅ ለቤቱ ወደሚቀርበው ቀፎ አፍ አስጠጋችው።

ጥጡ ጠቆረ። ንቦቹ አንድ በአንድ ሳይሆን እንደ አንድ ነገር ሆነው ወረዱበት። ነደፉት፤ ወደቁ፤ እንደገና ነደፉት። አንዲት ሆድ የሌላትን፣ ክፉም ደግም ያላሰበችን፣ የጥጥ ቁራጭ። አማቷ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሙዜ እንጨቱን ጥላ መስኮቱን ዘጋች፤ ጠርሙሷን ከፍታ አማቷን አስሸተተቻቸው። ከዚያ ባለፈው ሐሙስ ከባሏ ጆሮ ስላወጣችው መርፌ ነገረቻቸው።

አማቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ። ከዚያ፣ «እኔ በምን ላውቅ?» አሉ፤ ድምፃቸው አንሶ ነበር።

«አያውቁም፣ እማማ። እኔም አላውቅም ነበር» አለች ሙዜ። «ግን ሲነድፉኝ አጠገቤ ቆመው ነበር። ልጄ፣ ምን ነክተሽ መጣሽ ቢሉኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር። የጆሮ ጌጥ ሲጠፋ እኔን ሲያዩኝ፣ እርስዎም አብረው አዩኝ።»

አማቷ ከወገባቸው ቁልፉን ፈትተው ዘረጉላት። ሙዜ እጃቸውን አየች፤ አዘነችላቸው፣ ቁጣዋ ግን አልበረደም፤ ሁለቱም አብረው ሆዷ ውስጥ ነበሩ። ለልጅቱ ይስጧት አለቻቸው። ባሏ ከኋላ ሆኖ አንድ ነገር ሊል ጀመረ። ዞር ብላ አየችውና ተወው።

ከቀትር በኋላ፣ ንቦቹ ከተረጋጉ ብዙ ቆይቶ፣ ሙዜ የታጠበ ልብስ በገበታ ይዛ ወጣች። አላሰጣችም። ገበታውን መሬት ላይ አስቀምጣ ሽቦውን ከሁለቱም ቋሚዎች ላይ ፈታችው፤ ዝጎ ስለነበር ጣቷን ላጣት። እየጎተተች ወስዳ ከአጥሩ ግንብ አጠገብ፣ ከቀፎዎቹ ጀርባ ባሉት ሁለት ዛፎች መካከል አሰረችው፤ ጓሮው ከዳር እስከ ዳር ክፍት ሆነ። ከዚያ ልብሱን ማስጣት ጀመረች፤ ዙሪያውን እየዞረች፣ ከሁለቱም በኩል እያስተካከለች።

አማቷ በመስኮት ያዩ ነበር። ጥቂት ቆይተው ወጡ፤ ከገበታው ውስጥ እርጥብ አንሶላ አንሥተው አንዱን ጫፍ ያዙ። ሙዜ ሌላውን ጫፍ ያዘች። በሁለት በኩል ጠምዝዘው ጨመቁት።